ገላነሽና ልጅ እግሯ ውሮ

ገላነሽን የቡሬ ገበያ በሁለት ነገር ያውቃታል፤ በበርበሬዋና በምላሷ። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንደሚያቃጥል ደንበኞቿ እስካሁን አልተስማሙም። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። በርበሬ ከገበሬ ትገዛለች፣ ታሰጣለች፣ ትቀነጥሳለች፣ ትሸጣለች። ሌላ ሥራ አታውቅም፤ ማወቅም አትፈልግም።

ድመቷን ያመጣላት የእህቷ ልጅ ባዬ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ባጃጅ ይነዳል። አይጥ የአክስቱን በቆሎ እየፈጀ መሆኑን ሲሰማ፣ በጥቅምት አንዲት ግራጫ ግልገል ድመት በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሮ መጣ። በከረጢት የቋጠራት ያለ ነገር አይደለም፤ ድመት የመጣችበትን መንገድ ካየች ተመልሳ ትሄዳለች ይባላል። ገላነሽ ከረጢቱን ፈትታ አየችና ከረጢቱን መልሳ ልትቋጥረው ምንም አልቀራት።

«ምን ጉድ ነው ያመጣህብኝ? ይች ናት አይጥ የምትይዝ? አይጡ እሷን እንዳይይዛት ማን ይጠብቅልኝ!»

«ታድጋለች እትየ፣ ትንሽ ይታገሷት።»

«እሷ እስክታድግ በቆሎው ያልቃል።»

ስም እንኳ አላወጣችላትም፤ አገሩ ሁሉ ድመቱን እንደሚጠራው ውሮ አለቻት፣ በቃ። ግን ገላነሽ አፏ እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም። ኅዳር ሳይወጣ ውሮ እግሯ ሥር መተኛት ጀመረች፤ ገላነሽም «ሂጅ ወዲያ» እያለች እግሯን እንዳትነቅል ትጠነቀቃለች።

በመጋቢት፣ ሁዳዴ ከገባ ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ውሮ ከጎተራው ስትወርድ ሆዷ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ገላነሽ አየች። በጣቷ ቆጠረች። ይህች ድመት ከተወለደች ቢበዛ ሰባት ወር ቢሆናት ነው። ዳሌዋ ገና የልጅ ዳሌ ነው፤ ጭብጥ አይሞላም። ያ ጆሮ ቆራጣ የመንደሩ ወንድ ድመት፣ ያ ሌባ፣ በጥር ጣሪያው ላይ ሲያላዝን የከረመው ለካ ለዚህ ነው!

«አንች!» አለቻት። «አንች ራስሽ ልጅ!»

ገላነሽ ቃል አጣች ብለው ቡሬ ላይ ቢያወሩ ማንም አያምንም፤ ያን ቀን ግን አጣች።

ገላነሽን የዳሯት በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቷ አረገዘች። ሦስት ቀን አማጠች። ሴቶቹ ማርያም ማርያም አሉ፣ ሆዷን በቅቤ አሹት፣ ተልባ በጥብጠው አጠጧት፤ አልሆነም። በመጨረሻ ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ቡሬ ጤና ጣቢያ አደረሷት። እሷ ተረፈች። ልጁ ግን ሳያለቅስ ተወለደ። ቤቷ ስትመለስ ገንፎ አልተገነፋም፣ እልል አልተባለም፤ የመጣው ሰው ሁሉ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ልጅ የሚባል አልያዘችም። ባሏም ሌላ አገባ። ይህን ገላነሽ ለማንም አትናገርም። የሚያውቁት ሞተው አልቀዋል፤ የማያውቁት ደግሞ ምላሷን ፈርተው አይጠይቋትም።

እንግዲህ የውሮ ሆድ ለሌላው ሰው የድመት ሆድ ነው። ገላነሽ ግን እንቅልፍ አጣች። «ትሞትብኛለች» ትላለች በርበሬዋን እየቀነጠሰች። «ዓይኔ እያየ ትሞትብኛለች።»

ከዚያ ደግሞ ጾሙ አለ። ገላነሽ ጿሚ ናት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አትቀምስም፣ በሁዳዴ እንኳን ወተት የወተት ዕቃም ቤቷ አይገባም። ውሮም የቤቱ ሰው ናትና አብራ ጾመች! ሽሮ ፍትፍት በላች፣ አይጥ ካገኘች አይጥ፤ ሆዷ እየከበደ ስትሄድ ግን አይጡን ማባረሩም ቀረ። ጀርባዋ አጥንት አጥንት አለ። ገላነሽ ሦስት ቀን ከራሷ ጋር ተሟግታ፣ በአራተኛው የንስሐ አባቷን አባ ሃይለ ሚካኤልን ከቅዳሴ መልስ ጠብቃ ያዘቻቸው።

«አባ፣ እንዲያው ልጠይቅዎ... በቤቴ ያለች አንዲት ልጅ እግር፣ ሆዷ የገፋ፣ አቅም ያነሳት... ወተት ባቀምሳት ይከብድብኛል?»

«ነፍሰ ጡር ናት? እንዲያማ ከሆነች ያቀልሉላታል እንጂ። የማን ልጅ ናት?»

«የማንም አይደለች። ድመት ናት።»

አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሳቁ፤ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ገላነሽ፣ ጾም የታዘዘው ለሰው ነው። ይችን ምስኪን ሽሮ እያበላሽ ብትገድያት ንስሐ የምትገቢው አንች ነሽ! ሂጅ፣ ወተት ስጫት።»

ወተቱን ከጎረቤቷ ከያምሮት ወሰደች። ያምሮት የሃያ አምስት ዓመት ወይዘሮ ናት፤ ሁለት ልጆችና አንዲት የወለደች ላም አላት፤ በጾሙ ወተቱን ለቅቤ ታጠራቅማለች። ገላነሽ ኩባያዋን በነጠላዋ ሸፍና ስትወጣ ግን አላፊ አግዳሚው አየ። ማታውን መንደሩ «ገላነሽ ሁዳዴን ሻረች» ብሎ አወራ። በማግስቱ ገላነሽ ከቧንቧው ዳር ሴቱ በተሰበሰበበት ቆመች።

«አዎ፣ ወተት ወስጃለሁ! ለድመቴ ነው! የቀናባት ካለ ይምጣና አብሯት ይላስ!»

ከዚያ በኋላ ስለ ወተቱ ያወራ የለም።

በዚህ አላበቃችም። ከቀበሌው የእንስሳት ክሊኒክ ሄደች። በሬና አህያ ይዘው ከተሰለፉት ገበሬዎች መሐል ባዶ እጇን ቆማ፣ ተራዋ ሲደርስ «ድመቴ አርግዛ ነው» ስትል ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ባለሙያው ናሁሰናይ ግን አልሳቀም። ከተማሪ ቤት ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሰው አክባሪ ልጅ ነው።

«እማማ፣ ትንሽ ትንሽ እየደጋገሙ ያብሏት። ጨለም ያለ ጸጥ ያለ ቦታ ያሰናዱላት። ሆዷን አይጫኑት። ምጡ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ራሷ ትችለዋለች፤ አንድ ሰዓት ሙሉ እያማጠች ምንም ካልወጣ ግን ይደውሉልኝ።»

«ቅቤ ነበር የምቀባት» አለች ገላነሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሆዷን። ይች ጉድ ግን በቀባኋት ቁጥር ልሳ ትጨርሰዋለች።»

አሁን ናሁሰናይም ሳቀ። «ማሸቱን ይተዉት። ማስላሱን ግን ይቀጥሉ፤ ደግ አድርገዋል።»

ገላነሽ ስልክ ቁጥሩን በወረቀት አስጽፋ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረች። ከጎተራው ጀርባ ካርቶን አስቀመጠች፣ አሮጌ ነጠላዋን አነጠፈችበት። ውሮ ካርቶኑን አሸተተችና የገላነሽ መደብ ላይ ወጥታ ተኛች። «እመቤቴ ናት እንጂ አራስ አይደለችም» አለች ገላነሽ፤ ካርቶኑን አንስታ መደቡ ላይ አደረገችው።

ከሆሳዕና በፊት ያለው የገበያ ቀን ደረሰ። በዓል ሲቃረብ የበርበሬ ገበያ ይደራል፤ ነጋዴ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ነው። ገላነሽ ጎሕ ሲቀድ ተነስታ የቀረውን በርበሬ ቀነጠሰች፣ ከረጢቱን ሰፋች። የጋሪው ባለቤት ይሄይስ በር ላይ ፈረሱን አቁሞ ሲጣራ፣ ውሮ ከመደቡ ወርዳ እግሯ ላይ ተጠመጠመችና ጮኸች። እንዲያ ጮኻ አታውቅም። የጧት ወተቷንም አልነካችው።

«እትየ ገላነሽ! ገበያው አመለጠን እኮ!»

«ሂድ አንተ! ዛሬ አልሄድም!»

«ምን ሆኑብኝ?»

«ቤቴ ምጥ አለ!»

ይሄይስ አማተበ። ሌላ ሳይጠይቅ ጋሪውን አዙሮ ያምሮት በር ላይ ቆመና «ቶሎ ድረሽ፣ እትየ ገላነሽ ምጥ ይዟቸዋል!» አላት። ያምሮት ነጠላዋን እንኳ በደንብ ሳትለብስ እየሮጠች መጣች። ገብታ ስታይ ገላነሽ የተልባ ኩባያ ይዛ ወለሉ ላይ ተንበርክካለች፤ አፍንጫዋ ላይ ረጅም ቡጭሪያ ደም ቋጥሯል።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ተልባ ላጠጣት ብዬ።»

«ድመት ተልባ ትጠጣለች እንዴ!»

«እኔንስ አጠጥተውኝ የለ!» አለች ገላነሽ፤ ኩባያውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ያምሮት ሰማች፤ ግን ጊዜው የመጠየቂያ አልነበረም።

ውሮ ታምጣለች። ትንሽ ገላዋ ይኮማተራል፣ ይዘረጋል፣ ይኮማተራል። ሦስት ሰዓት ላይ ምጡ ጠና፣ አራት ሰዓት ሆነ። ገላነሽ ካርቶኑ አጠገብ ተቀምጣ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ፣ የኔ ልጅ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ትላለች። ድንገት ሁለት የኋላ እግሮች ብቅ አሉ፤ እዚያው ቀሩ። ውሮ ጮኸችና ራሷን ነጠላው ላይ ጣለች።

ገላነሽ ወረቀቱን ከመቀነቷ ፈታች። ያምሮት ደወለች፤ ኔትወርክ የለም። ደጅ ወጥታ ደወለች፤ ደግነቱ ገባ። ስልኩን ላውድ ላይ አድርጋ በር ላይ ቆመች።

«እሩቅ ገጠር ነኝ፣ ከብት እየከተብኩ ነው» አለ ናሁሰናይ። «እማማ፣ ራስዎ ያወጡታል። ንጹሕ ጨርቅ በለብታ ውኃ ነክረው እግሮቹን ይያዙ። እሷ ስታምጥ ብቻ ወደ ታች በቀስታ ይሳቡ። ስታቆም ያቁሙ።»

ገላነሽ እጇን ዘረጋች። ያምሮት «እትየ! እጅዎ!» ብላ ጮኸች።

እውነቷን ነው! ከጎሕ ጀምሮ በርበሬ ስትቀነጥስ የነበረ እጅ፣ ጣቶቿ እንደቀሉ ናቸው። በዚያ እጅ ያቺን ምስኪን ብትነካት በምጥ ላይ ምጥ ነው። «አንች ያዥው» አለቻት ያምሮትን። ያምሮት ግን «አይሆንልኝም እትየ!» ብላ ወደ በሩ ሸሸች። ገላነሽ ተነስታ የኑግ ዘይቱን ጠርሙስ እጇ ላይ ደፋችው፣ አሸችው፣ በሳሙና ታጠበች፤ ደግማ በዘይት፣ ደግማ በሳሙና፤ ሦስተኛ። ከዚያ ጣቷን የገዛ ዓይኗ ውስጥ ከተተች። ጠበቀች። አልቆጠቆጣትም።

ተንበርክካ ሁለቱን እግሮች በጨርቁ ያዘች። ውሮ አማጠች፤ ሳበች። ውሮ አቆመች፤ አቆመች። «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ማርያም ማርያም።» በሦስተኛው እርጥብ፣ ጥቁር፣ ከጣት ብዙ የማይበልጥ ነገር እጇ ላይ ወረደ። አይንቀሳቀስም። ድምፅም የለው።

ገላነሽ ይህን ዝምታ ታውቀዋለች። ስልኩ «እማማ፣ ይሹት! አፉን ጠርገው ጀርባውን በጨርቅ ይሹት፣ አይተዉት!» ይላል። አሸችው። «አልቅስ» አለችው። «አልቅስ አንተ! አልቅስ እንጂ ምን ይዘጋሃል!» አሸችው። ያምሮት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ጭ...» አለ። ደግሞ «ጭው!» አለ፤ አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ ተቆጣ።

ውሮ ራሷን አነሳችና ልጇን ከገላነሽ እጅ ላይ መላስ ጀመረች። እስከ ስድስት ሰዓት ሁለት ተከተሉ፤ እነሱን እንኳን ገላነሽ እግዜርም የረዳቸው አይመስልም፤ እንዲያው ሹልክ አሉ። ሦስቱም ጡት ያዙ። ውሮ ወተቷን ጠጥታ ከላይ ደግሞ ቅቤዋን ጠየቀች። ገላነሽ ግድግዳውን ተደግፋ «እፎይ» አለች። «እፎይ፣ እመቤቴ ማርያም፣ እፎይ!» እስክትስቅ ድረስ ደጋግማ አለችው።

ያምሮት በሩ ላይ ወጥታ እልል አለች። መንገዱ ላይ የነበረ ሰው ዘወር ዘወር አለ፤ እልልታው የድመት መሆኑን ሲሰማ የሳቀም አለ፣ የተቆጣም አለ። እሷ ምን ግዷት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ ተመልሳ መጣች፤ በኑግ ዘይት የተገነፋ፣ በርበሬ መሐሉ ላይ የተሞላ ትኩስ ገንፎ በሳህን ይዛለች። ለቀልድ ነው ያሰበችው፤ ይሄይስ ምጥ ይዟቸዋል ያለውን ይዛ። ደፉ ላይ ቆማ እንደ አራስ ጠያቂ ጎንበስ አለችና፣

«እትየ፣ እንኳን ማርያም ማረችዎ!» አለች።

ገላነሽ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። ቡሬ የሚያውቃት ገላነሽ ብትሆን አንድ ነገር ትል ነበር። ዕንባዋ ቀደማት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ያምሮት ሳህኑን አስቀምጣ ደንግጣ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ምን አጠፋሁ እትየ? ቀልዴን እኮ ነው!»

«ምንም አላጠፋሽ» አለች ገላነሽ። «አርባ ዓመት ነው የጠበቅሁት። ማንም ብሎኝ አያውቅም።»

ከዚያ ነገረቻት። ቃሬዛውንም፣ ሳያለቅስ የተወለደውንም ልጅ፣ አንገቱን ደፍቶ የወጣውንም ሰው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ ነገረቻት። ያምሮት አላቋረጠቻትም። ሲያልቅ ተነሳችና፣ አሁን ሳትቀልድ፣ የገላነሽን ጉልበት ስማ ደገመችላት።

«እንኳን ማርያም ማረችዎ።»

«አሜን» አለች ገላነሽ። አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች፣ ቡጭሪያው ቆጠቆጣት፣ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። «በይ ቅረቢ፣ ሳይቀዘቅዝ እንብላ። ደግሞ ይህ በርበሬ የኔ አይደለም፤ ማን ነው እንዲህ ያለ አልጫ የሸጠልሽ?»