የኤሌውቴሪዮ ስድብ

ኤሌውቴሪዮ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ኢሎይሎ ከተማ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ከዓሣ ገበያው ጀርባ ባለው ቢራ ቤት፣ ራሱ የሰፋውን ባለ ዘርፍ ቀሚስ ያጠልቅና ዶኛ ባንጉስ፣ ማለትም እመቤት ባንጉስ፣ ይሆናል። ባንጉስ እዚያው ገበያ የሚሸጥ ዓሣ ነው፤ አጥንቱ ብዙ፣ ሥጋው ጣፋጭ። ቀን በአክብሮት፣ «ጋሼ» እንደማለት፣ «ማኖንግ፣ ይሄን ሱሪ አሳጥርልኝ» የሚሉት ሰዎች፣ ቀሚስ ለብሶ ሲያዩት «አንቺ ባለጌ፣ ነይ ውጪ!» እያሉ ጠረጴዛ ይደበድባሉ።

ሥራው የታወቀ የፍቅር ዘፈን ዜማ ወስዶ ግጥሙን ማበላሸት ነው። ሰው ሠርጉ ላይ ያለቀሰበትን ዜማ ይዞ ስለ ኪንታሮት ይዘፍንበታል። ዓሣ ሻጮቹ ሴቶች ገና አፉን ሳይከፍት መሳቅ ይጀምራሉ።

ከፊት ጠረጴዛ የማይጠፉት ማኖንግ ፕሩደንሲዮና ባለቤታቸው ማናንግ ሳሉድ ነበሩ። ባልየው ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፤ ራሳቸው ላይ አንዲት ፀጉር የለችም። ኤሌውቴሪዮ እሳቸውን ሳይነካ ፕሮግራም ጀምሮ አያውቅም።

«መብራቱን አጥፉት፣ ጨረቃዋ ወጥታለች!» ይልና ይቀጥላል፦

ፀጉሩ ከአናቱ ድንኳኑን ነቃቅሎ፣
ታች ወርዶ ሰፈረ እምብርቱንም ዘሎ፤
ሚስቱ በዳበሳ ፍለጋ ብትወጣ፣
ፀጉር አጣችና ይዛ ቀረች ጣጣ።

አንድ ጊዜ ወደ ማናንግ ሳሉድ ጎንበስ ብሎ፣ «እስቲ ንገሪኝ፣ ይሄን የሚያንሸራትት ራስ ሌሊት እንዴት ብለሽ ነው የምትይዥው?» ቢላቸው፣ «ራሱን ማን ይዞት!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተገለበጠ። ኤሌውቴሪዮ ራሱ ሰው ሠራሽ ጡቱን ደግፎ መሬት ተቀመጠ።

በዝናቡ ወራት ማናንግ ሳሉድ ታመው ሞቱ። ኤሌውቴሪዮ ቀብራቸው ላይ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከኋላ ቆሞ አለቀሰ።

አርባቸው ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ ማኖንግ ፕሩደንሲዮ ብቻቸውን መጥተው የተለመደው ቦታ ተቀመጡ። ኤሌውቴሪዮ ከመጋረጃው ጀርባ አያቸው። ያን ቀን ወፍራሙን ሥጋ ሻጭ ሰደበ፣ አዲስ ሙሽሮቹን አሳቀቀ፤ የፊት ጠረጴዛውን ግን እንደ መሠዊያ ዞሮ አለፈው። ሽማግሌው የተጠበሰ ካላማሪያቸውን ሳይነኩ ወጡ።

በማግስቱ ልብስ ስፌቱ በር ላይ ቆሙ።

«አንተ፣ ምን በደልኩህ?»

«ኧረ ምንም፣ ማኖንግ! ምነው?»

«ታዲያ ለምን ዘለልከኝ?»

ኤሌውቴሪዮ የስፌት መኪናውን አቆመ። «ሐዘንተኛ ነዎት። እንዴት አድርጌ...»

«ቤቴ የሚመጣው ሁሉ በሹክሹክታ ነው የሚያወራኝ። ልጄ በስልክ ታለቅሳለች። ጎረቤት ሾርባ አምጥታ ራሴን ትደባብሰኛለች፣ እንደ ሕፃን! አንተ እንኳ ከሰው ቆጥረህ ትሰድበኛለህ ብዬ ብመጣ፣ አንተም ቀበርከኝ?»

«ሳሉድንም ላንሳ?» አለ ኤሌውቴሪዮ።

«እሷን ካላነሳህማ ምን ዋጋ አለው!» አሉና ሄዱ።

ሳምንቱን ሙሉ ግጥሙ እንቅልፍ ነሳው። ይጽፋል፣ ወረቀቱን ይቀዳድዳል፣ «ይሄ ነውር ነው» ይላል፣ ደግሞ ለብቻው ይስቃል። እሑድ ባለ ተረከዝ ጫማውን አድርጎ መድረክ ላይ ወጣ። የቆየ የእንጉርጉሮ ዜማ አስጀመረና ከማኖንግ ፕሩደንሲዮ ፊት ለፊት ቆመ፦

ብቻውን ተኝቶ አልጋው ቢሰፋበት፣
ትራስ አቀፈና ነገር ጀመረበት፤
ትራስ አፍ አውጥቶ ሳሉድን ተጣራ፣
«ነይ አስጥይኝ!» አለ፣ «ጥጤን ሁሉ ዘራ!»

ዓሣ ሻጮቹ ዞረው ሽማግሌውን አዩ። ከኋላ አንዲት ሴት «ኧረ እግዜርን ፍራ!» አለች። ኤሌውቴሪዮ ላቡ ኩሉን ይዞ ሲወርድ ተሰማው፤ በቃ፣ ዛሬ በጠርሙስ ነው የምመታው አለ በልቡ።

ማኖንግ ፕሩደንሲዮ ቀስ ብለው ተነሡ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ውሸት ነው!» አሉ ጮክ ብለው። «ትራሱ ነው የጀመረው!»

ሳቁ የቆርቆሮውን ጣሪያ አንቀጠቀጠው። ሥጋ ሻጩ ከወንበሩ ወደቀ፤ ያቺ የገሠጸችው ሴት ፊቷን በሻርፕዋ ሸፍና ትንፈራፈራለች። ሽማግሌው ቆመው እየሳቁ፣ እንባቸው በጉንጫቸው ላይ እየወረደ፣ ለመጥረግ እንኳ አልሞከሩም። ኤሌውቴሪዮ ሁለተኛውን ስንኝ ሊጀምር ሦስት ጊዜ ሞክሮ አቃተውና ማይኩን ለሳቸው ሰጣቸው። ዜማውን አያውቁትም፣ ድምፃቸውም የተሰነጠቀ ነው፤ ግን ስለ ሚስታቸው ማንኮራፋት እዚያው የፈጠሩትን ዘፈኑ፣ ሰዉም እያጨበጨበ ተቀበላቸው።

በቀጣዩ ሳምንት ባሏ ጥሏት የሄደ አንዲት ዓሣ ሻጭ የልጇን ዩኒፎርም ልታስለካ መጣች። ልኬቱ ሲያልቅ አልሄደችም።

«እሑድ ከፊት ብቀመጥ፣» አለች ዓይኗን ወደ ክሩ ሳጥን ሰብራ፣ «ለኔስ የሚሆን ነገር አታጣም፣ አይደል ማኖንግ?»