አርባ ደቂቃ ስለ ክሪኬት

ባለፈው ሳምንት፣ ሜልቦርን ውስጥ፣ ከዌስት ፉትስክሬይ ወደ መሃል ከተማ በሚሄደው ባቡር ስልኬን ስነካካ አንድ ሠንጠረዥ አጋጠመኝ። እንግሊዞች የትኛውን ስፖርት እንደሚከታተሉ፣ የትኛውን እንደሚመለከቱ፣ የትኛውን ደግሞ ራሳቸው እንደሚጫወቱ በሦስት ዓምድ ከፋፍሎ ያሳያል። ሦስት ጣቢያ እስካልፍ ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩም። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ የስፖርት ወዳጅ ሳልመስለው አልቀረሁም። እውነቱን ለመናገር ግን ስፖርት አልወድም። የሰው ልጅ በገዛ ፈቃዱ ከሚታመምባቸው በሽታዎች አንዱ አድርጌ ነው የምቆጥረው። ሠንጠረዡን ያየሁት የድሮ ሙያዬን እንዳየሁ ያህል ነበር፤ እንዲህ ያሉ ሠንጠረዦች ከየት እንደሚመጡ አውቃለሁ።

ለንደን ኦሎምፒክ ልታስተናግድ ሽር ጉድ በምትልበት ዓመት ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሜልቦርን ከገባሁ ሁለተኛ ክረምቴ ነው። ቀን ቀን ኮምፒውተር እማራለሁ፤ መጽሐፍ የሚወድ ሰው ለቪዛ ሲል የማይማረው ነገር የለም። ወደ ማምሻው ደግሞ ከተማው መሃል፣ በአንድ ሕንጻ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ በስልክ የሰው አስተያየት በሚሰበስብ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ሺፍታችን የሚጀምረው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ለእኛ ሲመሽ ለእንግሊዞች ይነጋልና ሻያቸውን ሳይጨርሱ እንይዛቸዋለን። ኮምፒውተሩ ራሱ ይደውላል፣ እኛ ከፊታችን ያለውን እናነባለን፦ የትኛውን ስፖርት ይከታተላሉ? የትኛውን ይመለከታሉ? ባለፉት አራት ሳምንታት የትኛውን ተጫውተዋል? ከጽሑፉ ውጪ አንድ ቃል መጨመር ክልክል ነው።

እኔ እንግሊዝን የማውቃት እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ ልጅ በኳስ ነበር። ሰፈራችን ቅዳሜና እሁድ ለሁለት ይከፈላል፤ የእንግሊዝን አፈር ረግጠው የማያውቁ ጎረምሶች «አሸነፍን»፣ «ተዘረፍን» እያሉ ይደባደባሉ። ስለዚህ የምደውልለት ሰው ሁሉ ኳስ፣ ኳስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ይከታተላሉ፣ እውነት ነው። አንዱ ከተወለደ ጀምሮ አንድ ክለብ እንደሚደግፍ፣ ነገር ግን የደም ግፊቱን ስለሚያስነሳበት ጨዋታውን ዓይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። የሚጫወቱትን ስጠይቅ ደግሞ ዓሣ ማጥመድ፣ ዋና፣ ቀስት የሚመስል ነገር ግድግዳ ላይ መወርወር ይሉኛል። ከሁሉም የበዙት ውሻቸውን ይዘው የሚሄዱት ነበሩ። የዓለምን ጨዋታ ሁሉ ደንብ ጽፈው፣ ለሌላው አከፋፍለው፣ እነሱ ከውሻ ጋር መንሸራሸር መረጡ። እስካሁን ከሰማኋቸው የእንግሊዝ ውሳኔዎች ሁሉ አስተዋዩ ይኸ ይመስለኛል።

ከጎኔ የምትቀመጠው ሰላም ነበረች። እዚያው ሜልቦርን፣ ኬንሲንግተን የሚባል ሰፈር ነው የምትኖረው፣ ነርስነት ትማራለች፣ እሁድ እሁድ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምንሄደው። ምላሷ አያርፍም።

«አንተ ፈላስፋ፣ ውሻ ማንሸራሸርን ስፖርት ብለህ ሞላኸው?»

«ሰውየው ነው ያለው፤ እኔ ምን አገባኝ?»

«እንዲህ ከሆነማ የእኛ ግቢ ዘበኛ ኦሎምፒክ መሄድ ነበረበት። እሱንስ ውሻው ነው የሚያንሸራሽረው!»

ይህን የማወራው ሰላም ዝም ያለችበትን ቀን ለመናገር ነው።

በሰኔ ወር የፈተና ሳምንት ነበር፤ የመጨረሻው ፈተናዬ ዓርብ ነው። የምኖረው ዌስት ፉትስክሬይ፣ ጋሼ ተሰማና እትዬ ብርቄ የሚባሉ ባልና ሚስት ቤት፣ የጓሮውን ክፍል ተከራይቼ ነው። ጋሼ ተሰማ የመጋዘን ሠራተኛና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። እትዬ ብርቄ ደግ ሴት ቢሆኑም ማሞቂያ ሳላጠፋ ከወጣሁ ለሦስት ቀን የሚወርድ ተግሣጽ ነበራቸው። ማክሰኞ ጠዋት ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ሲነድ ማደሩን እያወቅኩ፣ አንገቴን ደፍቼ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። እትዬ ብርቄ ምንም አላሉኝም። ትኩስ ጨጨብሳ በቅቤና በማር አቀረቡልኝ፤ በሥራ ቀን! ጋሼ ተሰማ ጋዜጣቸውን አጥፈው አዩኝ።

«ፈተናህ የሚያልቀው መቼ ነው አልከኝ?»

«ዓርብ ነው፣ ጋሼ።»

«ዓርብ። ጥሩ ነው። ዓርብ ጥሩ ነው» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ውጪ ዝናብ ነበር። የሜልቦርን ክረምት ዝናብ አይጥልም፣ አየሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል።

ማታ ሥራ ስገባ ሰላም ወንበሯን ለቃ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ያለውን ቦታ ሰጠችኝ። «ብርድ ስለማትወድ ነው» አለች። አንድ የሚያስቅ ሰው ገጥሞኝ፣ ሚስቱ ስትሰማው ስፖርት እወዳለሁ ብሎ፣ እሷ ስትወጣ ሐሳቡን እንደቀየረ ብነግራት ፈገግ አለችና አንገቷን ደፋች። አልተሳለቀችብኝም።

ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ዘመድ ለወዳጅ ይደውላል፣ ወዳጅ ሽማግሌ ይሰበስባል፣ ቀን ይመረጣል፣ ከዚያ ማለዳ በር ይንኳኳል። እስከዚያው ድረስ ሁሉም ያውቃል፣ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። ሀገሩን የለቀቀ ሰው ብዙ ነገር ይረሳል፣ ይህን ምልክት ማንበብ ግን አይረሳም። ሰው ያለ ምክንያት ከለሰለሰልህ፣ የሞተብህን ቁጠር። የእኔ ለመቁጠር አያስቸግርም ነበር፤ እናቴ ቀድማ ሞታለች፣ እህቴ አስቴር ጤነኛ ናት፣ አባቴ ኩላሊቱን ከታመመ ዓመት አልፎታል። አባቴ የማተሚያ ቤት ጡረተኛ ነበር። ማንበብን የተማርኩት እሱ ከሥራ ይዟቸው በሚመጣቸው፣ ገጻቸው ተገልብጦ በታተመ ብላሽ መጻሕፍት ላይ ነው።

አባቴ ሰኞ ሞቷል አልኩ። ቀብሩም አልፏል፤ እኛ ሬሳ አናሳድርም። አስቴር ለጋሼ ተሰማ ደውላ «ፈተናውን ይጨርስ» ብላቸዋለች። መርዶው ቅዳሜ ማለዳ ነው። ሁሉንም በአንድ ደቂቃ አሰብኩትና የሚቀጥለውን ሰው ስልክ አነሳሁ። «ጤና ይስጥልኝ፣ ስለ ስፖርት ጥቂት ጥያቄዎች ነበሩኝ።»

ለምን አላለቀስክም የሚለኝ ይኖራል። አላውቅም። በጣም ከቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ እጅህን ስትከት መጀመሪያ ያምሃል፣ ቀጥሎ እጁ የራስህ መሆኑን ትረሳለህ። እኔ የመጀመሪያውን ዘልዬ ሁለተኛው ላይ ነበርኩ። ደግሞም፣ መናገር አለብኝ፣ ትንሽ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። ሰዎቹ ተጨንቀው የደበቁትን ነገር አውቄ እንዳላወቅኩ በመሆኔ ውለታ የዋልኩላቸው መሰለኝ። አዲስ አበባ መደወል እችል ነበር፤ የስልክ ካርድ ኪሴ ውስጥ ነበረኝ። ብደውል ግን አስቴር መዋሸት ሊኖርባት ነው። ለምን አስጨንቃታለሁ? ሥርዓቱ ይጠበቅ አልኩ። ሥርዓት ሲባል መሳለቅ የምወደው ሰው፣ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ሥርዓት ጠበቅኩ።

ረቡዕ አንድ ፈተና ተፈተንኩ። ሐሙስ ማታ በሰሜን እንግሊዝ ካለች አንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ሽማግሌ ስልኩን አነሱ። ድምፃቸው ብዙ ሰዓት ሳይናገር የቆየ ሰው ድምፅ ነበር።

የትኛውን ስፖርት ይከታተላሉ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ክሪኬት። ሌላ ምን አለ?»

የትኛውን ይመለከታሉ?

«ዓይኔ ከጠፋ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ልጄ። በሬዲዮ እሰማለሁ። ሬዲዮ ከምርጫዎችህ ውስጥ አለ?»

አልነበረም። ከሚሰሙት ጨዋታ አንዱን እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው፤ ይህ ጥያቄ ጽሑፉ ላይ የለም። ነገሩኝ። ስለ ክሪኬት የማውቀው ነጭ ልብስ እንደሚለበስበት ብቻ ነው፤ አምስት ቀን ተጫውተው አቻ ሊለያዩ እንደሚችሉም ያን ማታ ሰማሁ። ወጣት ሳሉ ስለወረወሩት አንድ ኳስ ነገሩኝ፤ ደመና ሲኖር ኳሱ እንዴት አየር ላይ እንደሚታጠፍ፣ ሣሩ እርጥብ ሲሆን እንዴት እንደሚሸሽ። ሲጨርሱ፣ «ሌላ ጥያቄ የለህም?» አሉኝ። ከራሴ ፈጠርኩ። ሻይ በስንት ሰዓት ነው የሚጠጣው? ዝናብ ሲመጣ ተጫዋቹ የት ይጠለላል? ሱፐርቫይዘሬ ከኋላዬ መጥታ ሰዓቷን እያሳየች ቆመች። ሰላም በዓይኗ ለመነቻትና ትታኝ ሄደች። አርባ ደቂቃ አወራን። ዓርብ ፈተናዬን ተፈተንኩ፤ በጥሩ ሁኔታ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። ለብሼ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ፓስተራችን፣ ጋሼ ተሰማ፣ እትዬ ብርቄ፣ ሰላምና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደረት አይመቱም፤ ይጸልያሉ፣ ይዘምራሉ። ፓስተሩ ትከሻዬን ያዘና፣ «ሳሙኤል፣ ጌታ ያጽናህ፤ አባትህ ወደ አምላካቸው ሄደዋል» አለኝ። ጭንቅላቴን በእጄ ያዝኩ። ሲደረግ ያየሁትን ነው ያደረግኩት። ሰላም ከእኔ በፊት አለቀሰች። ዝማሬው ሲያበቃ፣ ዝምታው እንዳይረዝም ብዬ፣ የማውቀውን ነገር ለወጉ ያህል ጠየቅኩ።

«መቼ ነው?»

«ትናንት» አሉ ጋሼ ተሰማ። «በእነሱ ረፋድ ላይ፣ በእኛ ማታ።»

«ትናንት? ሰኞ አይደለም እንዴ?»

ሁሉም ተያዩ።

«ሰኞማ ሆስፒታል የገቡበት ቀን ነው፣ ልጄ» አሉ እትዬ ብርቄ። «ነፍሳቸውን አውቀው ነበር እኮ። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ነበር የዋሉት። አንተን ጠርተው ይደውልልኝ ቢሉ፣ አስቴር ፈተና ላይ ነው አለቻቸው። እንግዲያውስ ይፈተን አሉ።» ከዚያ ፊቴን አይተው ቆሙ። «አውቀህ ነበር እንዴ?»

«ሞቷል ብዬ ነበር» አልኳቸው።

«ማክሰኞ?»

«ማክሰኞ።»

«ታዲያ ምነው ሳትደውል!» አሉ ጋሼ ተሰማ፤ እንደ መቆጣት ብለው ጀመሩና ተዉት። እኔን ዝም ያሰኘኝና እሳቸውን ዝም ያሰኛቸው አንድ ነገር ነው። እነሱ ሕመሙን ደበቁኝ፣ እኔ ሞት መስሎኝ ደበቅኳቸው፤ በመሃል አንድ ሰው አራት ቀን አልጋ ላይ ሆኖ ስልክ ይጠብቅ ነበር። ሐሙስ ማታ፣ ባላየሁት አገር ላሉ ሽማግሌ፣ ስለማላውቀው ጨዋታ ጥያቄ ስፈጥር፣ አዲስ አበባ እኩለ ቀን ነበር። አባቴ ነቅቶ ነበር።

ያን ዕለት ብዙ ሰው መጣ። እንጀራና የምስር ወጥ በትሪ ገባ፣ ጎረቤት ፕላስቲክ ወንበር አዋሰ። በላሁ፤ የሚጣፍጥ ነበር፤ መጣፈጡን ዛሬም አስታውሳለሁ። ሰኞ ሥራ ገባሁና የትኛውን ስፖርት ይከታተላሉ እያልኩ ቀጠልኩ። ድርጅቱ ጥናቱን እስኪጨርስ ሁለት ሳምንት ያህል ጠየቅኩ። ሰላም ከዚያ ወዲህ ፈላስፋ ብላ ጠርታኝ አታውቅም። ፈተናዎቼን ሁሉ አልፌ ነበር፤ ውጤቱ ሲመጣ አስቴር በስልክ «አባዬ ይህን ቢያይ» ብላ አለቀሰች፣ እኔ ካርዱ እስኪያልቅ አዳመጥኳት።

ሰዎች ከዚህ ታሪክ ትምህርት እንዳወጣ ይጠብቃሉ። ልማዳችንን ልረግም፣ ወይም ራሴን ልረግም። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ፣ ሁለቱም ውሸት ይሆኑብኛል። መርዶ ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ የተፈጠረ ጥበብ ነው፤ ቅዳሜ ማለዳ ስድስት ሰው በአልጋዬ ዙሪያ መቆሙ ዛሬም ትንሽ ነገር አይመስለኝም። ጥበቡ ያልቆጠረው፣ የሚጠበቀው ሰው ብልጥ ነኝ ባይ ሊሆን እንደሚችል ነው።

አምና ኬንሲንግተን የምትኖር አንዲት ተማሪ አባቷ በጠና ታመሙ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ፤ ፀጉሬ ስለሸበተ አሁን እኔም ከእነሱ ነኝ። ፈተናዋን እስክትጨርስ ይቆይ ተባለ። «ምን ትላለህ፣ ጋሽ ሳሙኤል?» ሲሉኝ ተነስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁና ደወልኩላት። አባትሽ ታመዋል፣ በሕይወት አሉ፣ አሁኑኑ ደውዪ አልኳት። ልጅቷ በመደወል ብቻ አላበቃችም፤ ፈተናዋን ትታ በማግስቱ በረረች። አውሮፕላኑ ሳያርፍ አባቷ ተሽሏቸው ከሆስፒታል ወጡ። ዓመቷ ተበላሸ፣ የቪዛዋ ጉዳይም ተጓተተ። ሽማግሌዎቹ ከዚያ ወዲህ እኔን ለምክር አይጠሩኝም፣ ትክክል ናቸው፤ ምስጢር የማይዝ ሰው ሽማግሌ አይሆንም። ልጅቷም ይቅር አላለችኝም። ፉትስክሬይ ገበያ ስታየኝ መንገድ ትሻገራለች።

ትሻገር።