ዕጣው ውሃ የሆነ ጥድ

ስሙ የወጣላት በሥራዋ ሳይሆን በአመሏ ነው። «ቁጭ በይ» ይሏታል። መጀመሪያ እናቷ፣ ቀጥሎ አስተማሪዎቿ፣ በኋላም መላው የደን ምርምር ጣቢያ ቀኑን ሙሉ «ኧረ ቁጭ በይ!» ሲሏት ኖረው ልመናው ቀስ በቀስ መጠሪያዋ ሆነ። ምሳዋን ቆማ ትበላለች። ስልክ ስታወራ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ትለካዋለች። ስብሰባ ላይ በግድ ካስቀመጧት ጉድ ፈላ፤ እግሯ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል፣ የሰዉ ሁሉ ብርጭቆ ይደፋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በላብራቶሪ ረዳትነት ስትሠራ አንድም ቀን ወንበሯን አላስጠገነችም፤ ምን ሆኖ ይሰበራል?

ያን ዓመት ግን ዕረፍት ያጣችው እሷ ብቻ አልነበረችም። ከከተማው ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ ጥዶቹ መቅላት ጀምረው ነበር። አረንጓዴ ሆኖ ያዩት ዛፍ ወር ሳይሞላው እንደ ዛገ ቆርቆሮ ቀልቶ ይገኛል። ገዳዩ በዓይን የማይታይ ትል ነው፤ ባለሙያዎቹ ኔማቶድ ይሉታል። ጥንዚዛ ላይ ተሳፍሮ ይመጣል፣ ጥንዚዛዋ ቅርንጫፍ ስትቆረጥም በቁስሉ ይገባል፣ ከዚያ ውስጥ ለውስጥ ተራብቶ ዛፉ ውሃ የሚስብበትን መንገድ ይደፍነዋል። ዛፉ እግሩ ሥር ውሃ እያለ በጥም ይሞታል። ጣቢያው የሚያውቀው መላ መቁረጥና ማቃጠል ብቻ ነበር።

ኮረብታውን ካለበሱት ሰዎች አንዱ ደግሞ የቁጭ በይ አባት ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ችግኝ ሲተክሉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አሁን ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ጠዋት ጠዋት ከዘራቸውን ይዘው ወደ ኮረብታው የሚወጡ ሽማግሌ። ከመንገዱ ዳር አንድ ወፍራም ጥድ አለ፤ ልጃቸው በተወለደች ሰሞን የተከሉት ነው። እሱን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ይሰበስቡና ወደ ቤት ይመለሳሉ።

የጣቢያዋ ተመራማሪ ዶክተር ነገሩን በሌላ በኩል አየችው። «የሞቱትን ስንቆጥር ከረምን፤ ያልሞቱትን ለምን አንጠይቃቸውም?» አለች። እውነትም ከቀሉት ዛፎች መሐል አረንጓዴ እንደሆኑ የቆሙ ጥቂት ዛፎች ነበሩ። ከእንጨታቸው ናሙና ተወሰደ። ቁጭ በይ ላዩን በበረኪና አጥባ፣ ውስጡን ፈልፍላ፣ ምግብ በፈሰሰባቸው የላብራቶሪ ሳህኖች ላይ አኖረችው። በሦስተኛው ቀን ብርቱካንማ ነጠብጣብ ወጣ፤ በዛፉ ገላ ውስጥ እንደ ጨዋ ተከራይ ማንንም ሳያስቸግር የሚኖር ባክቴሪያ። ትሎቹ በሚዋኙበት ጠብታ ላይ ጨመሩት፤ በማግስቱ ትሎቹ እንደ ክር ተዘርግተው ቀሩ። ቁጭ በይ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ፣ ቀና፣ እንደገና ጎንበስ አለችና «ሞቱ! እሰይ!» ብላ ኮሪደሩን በሩጫ ጨረሰችው።

ሳህን ላይ ትል መግደል ግን ኮረብታ ላይ ዛፍ ማዳን አይደለም። የደን መሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ ቀነ ገደብ ቆረጠ፤ ጥንዚዛዎቹ ዳግም ከመብረራቸው በፊት ግልጽ ልዩነት ካልታየ፣ ጤነኛው ከታመመው ሳይለይ ኮረብታው በሙሉ ይመነጠራል። ሃያ ጤነኛ ጥዶች ተመረጡ። አሥሩ ባክቴሪያውን በግንዳቸው ይወጋሉ፤ አሥሩ ለማነጻጸሪያ ውሃ ብቻ ያገኛሉ። ከወር በኋላ ለሁሉም ትሉ ይሰጣቸዋል። ማን ምን እንደሚያገኝ በዕጣ ተለየ፤ ዕጣውን ያወጣችውም ራሷ ቁጭ በይ ናት። ለመንገድ ዳሩ ጥድ ውሃ ደረሰው።

ልትወጋ ብቻዋን ወጣች። ዛፉን ሰረሰረችው፤ የውሃውን ጠርሙስ አነሳች፣ አስቀመጠች፣ ግንዱን ዞረችው፣ መልሳ አነሳች። አባቷ የሚደገፉበት ቦታ ላይ ቅርፊቱ ለስልሷል። «አንድ ዛፍ ምን ያመጣል?» አለች ለራሷ፤ ሙሉ ጠርሙስ ባክቴሪያ አስገባችለት። ይሄኔ አጠገቡ ያሉት፣ ውሃ የደረሳቸው ሁለቱ አሳዘኗት፤ ለእነሱም ከተረፈው ትንሽ ትንሽ አቃመሰቻቸው። መዝገቡ ላይ ለሦስቱም «ውሃ» ብላ ጻፈች። ይህን ስህተት የሚሠራው ዛፍ የሚወድ ሰው ብቻ ነው። የማይወድማ እንደታዘዘው አድርጎ፣ ምሳው ሳይቀዘቅዝ ቤቱ ይገባ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ትሉ ተሰጠ፤ ሳምንታት አለፉ። ሳህን ታጥባ የታጠበውን መልሳ ታጥባለች። ሦስቱ ጥዶች አለመቅላታቸው ያስደስታትና ወዲያው ያስደነግጣታል።

ኮሚቴው ሊቆጥር የወጣ ዕለት ባክቴሪያ ከተወጉት አሥር ስምንቱ አረንጓዴ ነበሩ። ውሃ ካገኙት አሥር ደግሞ አምስቱ። ሰብሳቢው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገና «እንግዲህ ውሃም መድኃኒት ሆኗላ!» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። ሰብሳቢው ግን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በዚህ ልዩነት ኮረብታውን ላቆየው አልችልም። ሰኞ ቆራጮቹ ይገባሉ» አላት ዶክተሯን።

ላብራቶሪ ሲመለሱ ቁጭ በይ በሩን ዘጋች፣ ከፈተች፣ እንደገና ዘጋች።

«ዶክተር፣ ሦስቱን እኔ ነኝ።»

«ሦስቱን ምን?»

«ባክቴሪያ ወግቻቸዋለሁ። ከውሃዎቹ ሦስቱን። አምስት ሆነው የተገኙት በኔ ነው።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አንቺ ሴትዮ! የዓመት ሥራ እኮ ነው!»

«ውሃ ብቻ ያገኙት ሰባት ናቸው፤ የተረፉት ሁለት። ከተወጉት አሥራ ሦስት ግን አሥራ አንዱ አሉ። ልዩነቱ…»

«መቁጠርማ እኔም አያቅተኝም! ማን ያምንሻል? ውሃ ብለሽ የጻፍሽውን ዛሬ አይደለም ስትዪ ማን ይሰማሻል?»

ያም ሆኖ ደውላ ነገረችው፤ ሰብሳቢው በስልክ የሰጠው መልስ አጭር ነበር። «ግንድ በስታችሁ የምታመጡልኝን አልቀበልም፤ ዛሬ ወግታችሁ ነገ አገኘን ብትሉስ? ባክቴሪያው ሥሩና ጫፉ ድረስ ለመዝለቅ ግን ወራት ይፈጅበታል። ከሦስቱ አንዱን ቁረጡና ከሥር እስከ ጫፍ በፊቴ መርምሩት።»

«የትኛውን?» አለች ዶክተሯ ስልኩን ዘግታ።

ቁጭ በይ መልሱን ታውቀዋለች። ለሁለቱ የደረሳቸው ፍርፋሪ ነው፤ ጫፍ ድረስ ይዝለቅ አይዝለቅ እርግጠኛ የሚሆን የለም። ሙሉ ጠርሙስ ያገኘ አንድ ብቻ አለ። አብልጣ ስላዘነችለት እሱ ተመረጠ። በራሷ ላይ እንዲህ ተናዳ አታውቅም። «የመንገድ ዳሩን» አለች።

ጠዋት አባቷ ጫማቸውን ሲያስሩ ደረሰችባቸውና እየተንቆራጠጠች ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ለኔ ብለሽ ነው?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ለእርስዎ ብዬ ነው፣ አባባ።»

«ማን ጠየቀሽ? እኔ ኮረብታ ሙሉ ነው የተከልኩት። አንዱን ካንዱ ለይቼ አላውቅም። እሱን የምደገፈው መንገድ ዳር ስለሆነ ነው።»

ጫማቸውን አስረው ጨረሱና አብረዋት ወጡ። ቆራጩ የሞተር መጋዙን ሲያስነሳ «በግራ በኩል ጣለው፤ በቀኝ ያሉትን ትንንሾቹን እንዳይሰብር» አሉት። ጥዱ ሲወድቅ ሙጫው ሸተተ። ቁጭ በይ ዓይኗን ጨፈነች። እሳቸው አልጨፈኑም።

ሰብሳቢው የናሙናውን ከረጢቶች ራሱ አሸገ፤ እንጨቱ ሳህኖቹ ላይ ሲቀመጥም ከጎናቸው ቆመ። ሦስት ቀን ጠበቁ። በሦስተኛው ቀን ብርቱካንማው ነጠብጣብ ከሥሩ በተወሰደውም፣ ከወገቡ በተወሰደውም፣ ከጫፉ በተወሰደውም ላይ ወጣ። ውሃ ብቻ ካገኘ ዛፍ የመጣው ሳህን ላይ አንድም የለም። ሰብሳቢው እያገላበጠ አይቶ ፈረመ። ዶክተሯ በዚያው ዕለት ለቁጭ በይ ደብዳቤ ሰጠቻት፤ ለአንድ ዓመት ሙከራ የሚባል ነገር እንዳትነካ ታግዳ ወደ ችግኝ ጣቢያው ተዛውራለች። ተቀበለች፤ ይገባታል።

ቤት ስትገባ አባቷ በሩ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«እህሳ?»

«ኮረብታው ተረፈ፣ አባባ። ቆራጮቹ አይመጡም።»

«እሰይ። ያ ነገር ተገኘ ማለት ነው?»

«ከሥሩ እስከ ጫፉ።»

«ትሉስ?»

«ፈልገን ፈልገን አንድም አላገኘንም።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አሻሹ። «እንግዲያው ይድን ነበራ» አሉ።

ልትዋሻቸው አማራት። የመጀመሪያው ውሸት ያመጣውን ግን አይታዋለች።

«አዎ አባባ፣ ይድን ነበር።»

አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና አለቀሱ።