ናፍጣ የደፋሁበት ቀን

ባለፈው ስትመጪ በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን ክብ ነገር አንስተሽ አሸተሽውና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የተቃጠለ ነገር ይሸታል» አልሽኝ። ሳቅ ብዬ ዝም አልኩሽ። ዝም ማለት እንደሚቀናኝ ታውቂያለሽ። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ሸራ ነው፤ የሞተሩን ጉልበት ለጎማው የሚያስተላልፍ ስስ ቀለበት። ይሄን ያህል ዓመት ተሰቅሎ ሽታው አልለቀቀውም። ክረምት ላይ ቤቱ ሲታፈን ይሸተኛል፤ ያኔ ፒያሳ፣ አባቴ ጋራዥ ውስጥ፣ ከናፍጣው ሳፋ አጠገብ የተቀመጥኩ ይመስለኛል።

ጋራዥ ስልሽ ትልቅ ነገር እንዳይመስልሽ። ሠራተኛ ሰፈር ውስጥ፣ በሁለት የብረት በር ሠሪዎች መሃል የተሸጎጠች፣ ጣሪያዋ የተበሳሳ ቆርቆሮ የሆነ ግቢ ነበረች። ጠዋት ፀሐይ በቀዳዳዎቹ ስትገባ መሬቱ ላይ ሳንቲም የተበተነ ይመስል ነበር። ከላይ የጊዮርጊስ ደወል፣ ከታች «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» የሚል የታክሲ ረዳት፣ መሃል ላይ የጎረቤቶቻችን መዶሻ። ስድስተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት እናቴ አረፈች፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። አባቴ ዘንድ ዕቃ አጣቢ ሆንኩ። የተፈታውን የሞተር ዕቃ በናፍጣ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በሚገጠምበት ተራ ንጹሕ ጨርቅ ላይ እደረድራለሁ። ሥራው ተስማምቶኝ ነበር። ከሰው ጋር ማውራት አይጠይቅም።

የአባቴ ዓይን መድከሙን ያወቅሁትም በማጠብ ነው። አንድ ቀን የቡሎን መፍቻ ቁልፎቹን ሳጥብ እጀታቸው ላይ በሞረድ የተቆረጠ ጭረት አገኘሁ። አሥር ቁጥሩ ላይ አንድ፣ አሥራ ሁለቱ ላይ ሁለት፣ አሥራ አራቱ ላይ ሦስት። ከዚያ በፊት አልነበረም። ቁጥሩን ማየት ስላቃተው በጣቱ ሊያነበው ነው። ቁልፎቹን አድርቄ ቦታቸው መለስኩ። እሱ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ለደንበኛ «ሞተር የሚሠራው በጆሮና በጣት ነው» ይላል፤ ሰዉም እንደ ጥበብ ይቆጥርለታል። እውነቱ ቢታወቅ ግን ዓይኑ ለደከመ ሰው ሞተሩን የሚሰጥ አንድም ደንበኛ አይገኝም። አባቴ ደግሞ ከዚያች ግቢና ከስሙ ሌላ ምንም አልነበረውም። ስለዚህ ደንበኛው ማኪያቶ ሊጠጣ ዞር ሲል እኔ ጎንበስ ብዬ አይለታለሁ። የተሳሳተ ካለ ሳልናገር አስተካክለዋለሁ። እንዲህ እያልን አንድ ዓመት ያህል ሄድን።

ያቺ ትልቅ ሞተር የመጣችው በጥር ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ግራና ቀኝ ሳጥን የታሰረላት፣ አገር ላገር የምትዞር፣ መቶ ስልሳ ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደች ሞተር ነበረች። ወደ ማታ ላይ በር ላይ ስትቆም የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ከባለቤቷ ቀድሞ ገባ። ሰውየው ግዙፍ ነው፤ ድምፁም እንደዚያው።

«ጋሼ፣ ቤንዚን ስሰጣት ትጮሃለች እንጂ አትሄድም። ከነገ ወዲያ ንጋት ላይ ባለቤቴን ከኋላ ጭኜ ጎጃም ልሄድ ነው፣ የእህቴ ልጅ ሠርግ አለ። ዓባይ በረሃ ላይ እንዳታዋርደኝ።»

አዲሱን ሸራ ከውጭ አስመጥቶ በወረቀት እንደተጠቀለለ ይዞት ነበር። አዲስ ሸራ ደርቆ ከተገጠመ ይቃጠላል፤ አስቀድሞ ዘይት መጠጣት አለበት። ተቀብዬው ዘይት ውስጥ ነክሬ አሳደርኩት።

በማግስቱ ሰውየው በጠዋት መጣና በርጩማ ጠየቀ። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ አዲስ ዕቃ ሰጥቶ አሮጌ ገጥመውለት ኖሯል። «እርስዎን ጠርጥሬ አይደለም ጋሼ፤ ግን ሞተሬ ተከፍታ እኔ ዞር አልልም» አለ። ፒያሳ ይሄ ያለ ነው። ሰው ሞተሩ ሲፈታ እንደ አስታማሚ አጠገቡ ቁጭ ይላል። አባቴ «ቤትህ ነው፣ ተቀመጥ» አለው። ዛሬ ማኪያቶ የለም፤ ጎንበስ ብሎ ማየትም የለም።

አባቴ ዘይቱን አፍስሶ የጎን ክዳኑን ፈታ። አሮጌዎቹ ሸራዎች አንድ በአንድ ወጡ፤ ጠቁረው፣ ስስ ሆነው፣ ሽታቸው ጉሮሮ እየያዘ። አዲሶቹን ከዘይቱ አውጥቼ በተራ ደረደርኩለት። ስምንት ናቸው። ሰባቱ አንድ ዓይነት ሲሆኑ አንዷ ብቻ መሃሏ ያለው ቀዳዳ ሰፋ ይላል። እሷ ከሁሉ በፊት ታች ነው የምትገባው፤ ቀዳዳዋ ውስጥ ቀለበት የመሰለች ስስ ሞላ ትቀመጣለች። እዚያ ቦታ ሌላ ሸራ ከገባ ሞላዋን ይጫናታል። ሞላዋ ተሰብራ ማርሹ መሃል ከገባች ደግሞ የኋላው ጎማ በመንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ሰፊዋን ከሁሉ በላይ አደረግኋት፤ አባቴ ከላይ ነው የሚያነሳው።

ይሄን ጊዜ ባለ ሞተሩ ከበርጩማው ተነሣ። «እስቲ ልያቸው፣ የእኔዎቹ ናቸው?» አለና እያነሳ፣ ወደ ብርሃን እያዞረ ቆጠራቸው። «ስምንት። የእኔዎቹ ናቸው» ብሎ መለሳቸው። ሲመልሳቸው ግን እንደመጣለት ነበር። ሰፊዋ መሃል ገባች። አባዬ በጣቱ ያውቃታል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን ሸራዎቹ ዘይት ይንጠባጠቡ ነበር፤ እንደ ዓሣ ያንሸራትታሉ። ደግሞም የኔን ተራ አምኖ ነው። ከላይ ያለችውን አነሳና ታች አስቀመጣት። ከዚያ በየመሃላቸው ስስ ብረት እያስገባ ደረደራቸው፤ ሸራ፣ ብረት፣ ሸራ፣ ብረት። ሰፊዋ አምስተኛ ሆና ገባች።

ምን ልበል? «አባዬ፣ ተሳስቷል» ብል ሰውየው «እንዴ፣ አላዩትም?» ይላል። «እርስዎ ነዎት ያቀያየሯቸው» ብለውም ያው ነው፤ ዓይን ያለው ሰው ያያታላ። ዝም ብል ደግሞ ሰውየው ሚስቱን ከኋላ ጭኖ ዓባይ ቁልቁለት ላይ ነው።

በር ላይ ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታው ጎረቤታችን አለ፤ አፉ ሥራ ፈቶ አያውቅም። ሥራውን ትቶ ሲያይ ቆየና «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ሞተር አይደለም የሚሠሩት፣ ዳዊት በቃል ነው የሚደግሙት! ዓይንዎን ጣል እንኳ አያደርጉበትም!» አለ።

ሊያሞግሰው ነበር። ባለ ሞተሩ ግን ወደ አባቴ ፊት ጠጋ ብሎ አየው። «እውነትም… ሳያዩ ነው እንዴ የሚገጥሙት ጋሼ?»

የበር ሠሪዎቹ መዶሻ እንኳ ያቆመ መሰለኝ። አባቴ እጁን ሳያነሳ «አንተ ሚስትህን መብራት ሲጠፋ ታጣታለህ?» አለው። ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። አባቴም ሳቀ። የላይኛውን ክዳን አስቀመጠ፣ ሞላዎቹን ከተተ፣ ቡሎኖቹን ማጥበቅ ጀመረ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ሁለት ቀሩ።

ሳፋውን በሁለት እጄ አነሣሁ። ጠዋት አሮጌውን ዕቃ ያጠብኩበት ጥቁር ናፍጣ ነው፤ ታቹ አሸዋ አለው። ዘይት የጠጣ ሸራን ናፍጣ ወዲያው ከታጠበ እንደማይጎዳው አውቅ ነበር። አሸዋ የገባበት ሞተር ሳይፈታ እንደማይዘጋም አውቅ ነበር። በአባቴ ጎን ሳልፍ እግሬን የሞተሯ ማቆሚያ ላይ አጠላለፍኩና ሳፋውን ለቀቅሁት። ናፍጣው ከነአሸዋው የተከፈተው ፍሪሲዮን ላይ ተገለበጠ።

አባቴ ዘሎ ተነሣ። «አንቺ! አይታይሽም እንዴ?!»

በሕይወቴ እንደዚያ ጮሆብኝ አያውቅም። ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ለራሱም የተሰማው መሰለኝ፤ ፊቱ ክው አለ። በርጩማው ተገልብጦ ባለ ሞተሩ ራሱን ይዞ «ኧረ ጨረሰችኝ! አዲስ ዕቃ እኮ ነው ሰዎች!» ይላል። ጎሚስታው ደግሞ ከበር ላይ «እቺ ልጅ ዝም ብላ ዝም ብላ፣ ስትናገር በናፍጣ ተናገረች!» ሲል ግቢው ሳቀ። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብኩት።

«ይፈታል» አለ አባቴ ትንፋሹን ሰብስቦ። «አሸዋ ገብቶበት አይዘጋም።»

ቡሎኖቹ እንደገና ተፈቱ። ሸራዎቹን ወስጄ በንጹሕ ናፍጣ አጠብኳቸው፣ ደግሜ ዘይት ውስጥ ነከርኳቸው። ባለ ሞተሩ ሊነካቸው ሲጠጋ «አይ፣ እጅዎ አቧራ አለው» አልኩት። እስከዚያች ቀን ድረስ ለማያውቀኝ ሰው የተናገርኩት ረጅሙ ንግግር ሳይሆን አይቀርም። አባቴ ታቹን አጽድቶ እጁን ዘረጋልኝ። ከጨርቁ ላይ እንዲያነሳ አልተውኩትም፤ ሰፊዋን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። አውራ ጣቱን ይዤ የቀዳዳዋ ጠርዝ ላይ ጫን አደረግሁት።

«መጀመሪያ ይቺ፣ አባዬ።»

ቆመ። አውራ ጣቱ የቀዳዳዋን ጠርዝ ይዞ ዞረ፣ ቀስ ብሎ፣ እስከተነሣበት ድረስ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ታች ያለችውን ስስ ሞላ ዳሰሰ። እንደገና ሸራዋን ዳሰሰ። ከጆሮው ሥር ላብ ሲወርድ አየሁ። ባለ ሞተሩ «ምን ተፈጠረ ጋሼ?» አለ።

«ምንም። ጠርታለች» አለ አባቴ። ለእኔ ደግሞ፣ በማላውቀው ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ቀጥይ ልጄ።»

እያንዳንዷን መዳፉ ላይ እያስቀመጥኩ ገጠምናት። ፀሐይዋ ከቆርቆሮው ቀዳዳዎች ወጥታ ሄዳ ነበር። ባለ ሞተሩ አስነሥቷት ወደ ጊዮርጊስ አቀበቱን ወጣ። እኔና አባቴ ጎን ለጎን ቆመን ድምፅዋን ሰማን፤ ማርሽ ሲቀይር፣ እንደገና ሲቀይር፣ ከዚያ በታክሲዎቹ ጩኸት ውስጥ ስትጠፋ። ስትመለስ ከሩቅ ለየናት።

«እንደ ውሃ ነው የምትፈሰው!» አለ ሰውየው ገና ሳይወርድ። የአባቴን ትከሻ ሳመ። «እጅዎ ይባረክ ጋሼ። ይቺን ልጅ ግን ከሞተር ያርቋት፤ አንድ ቀን ጉድ ትሠራዎታለች።»

አባቴ አፉን ከፈተ። ሊናገር እንደሆነ ገባኝና በፍጥነት ራሴን ነቀነቅሁ፣ አይሆንም ብዬ። ያየኝ አይመስለኝም። ግን አፉን መልሶ ገጠመ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፈሩ «ናፍጣ» አለኝ። ጎሚስታው ነው ያወጣልኝ፤ ዳቦ ልገዛ ስወጣ እንኳ «ናፍጣ፣ እንዳትደፊ!» ይሉኛል። አንገቴን ደፍቼ አልፍ ነበር። ባለ ሞተሩ ከሠርጉ በሰላም ተመልሶ ለአባቴ የጎጃም ማር አመጣለት። አባቴ ማሩን እኔ ፊት አስቀመጠው። እሱ ጣቱን እንኳ አልነከረበትም።

ናፍጣውን የደፋሁ ዕለት ማታ፣ ግቢውን ልንዘጋ ስንል ከአሮጌዎቹ ሸራዎች መሃል በጣቱ ፈልጎ አንዷን አወጣ። ሰፊዋን። «ይቺን አስቀምጪ» ብሎ ሰጠኝ። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ማንኛውንም ሞተር ከመዝጋቱ በፊት፣ ደንበኛ ኖረም አልኖረም፣ ጮክ ብሎ «እስቲ አንዴ እጠቢልኝ» ይል ጀመር። የታጠበውንም ጭምር። እኔ እወስዳለሁ፣ አያለሁ፣ በተራው መዳፉ ላይ አስቀምጣለሁ። ሰዉ «ጋሼ ጽዳት ይወዳሉ» አለ። ግቢዋ እስክትፈርስ ድረስ ማንም ምንም አላወቀም።

አሁን እዚያ ሰፊ መንገድና አበባ አለ። ባለፈው በታክሲ ሳልፍ በራችን የት እንደነበረ መለየት አቃተኝ። ወደ ኮንዶሚኒየም ስንገባ አባቴ ሙሉ በሙሉ ማየት አቁሞ ነበር። ካመጣው ዕቃ ቁልፎቹን ብቻ አልጋው አጠገብ አደረጋቸው። ከሰዓት በኋላ፣ አሳንሰር የሌለው ፎቅ ላይ፣ ሞተር የሚባል ድምፅ ሳይሰማ፣ አንዱን ቁልፍ ያነሣና «እስቲ አንዴ እጠቢልኝ» ይለኝ ነበር። ንጹሕ ነው። ወስጄ አጥበዋለሁ፣ አደርቀዋለሁ፣ መዳፉ ላይ አስቀምጥለታለሁ። ጭረቶቹን በአውራ ጣቱ ዳስሶ ቁጥሩን ይነግረኛል። ተሳስቶ አያውቅም ነበር።

ሊያርፍ ሳምንት ሲቀረው አሥራ ሁለት ቁጥሩን ሰጠሁት። ሁለቱን ጭረቶች ብዙ ጊዜ ዳሰሳቸው።

«አሥር» አለ።

«አዎ፣ አባዬ» አልኩት።