በር ላይ የተቸነከረው ፕሮግራም

ወንድሜ ምስጋኑ በዕድሜው አንድ ቀን ብቻ ሰዓት አክብሯል። ያቺን ቀን እሱም አይረሳት፣ እኛም አንረሳት።

ዜማ ቤት ከርሞ ወደ አስኳላ የገባው ጢሙ ብቅ ብቅ ካለ በኋላ ነው። ስምንተኛ ክፍል ስንደርስ መምህራኑን በቁመት ይበልጣቸው ነበር። የደርግ ብሔራዊ ውትድርና ደግሞ ቁመት እንጂ ዕድሜ አይጠይቅም። የሚኒስትሪን ፈተና ያለፈ ወልድያ ወርዶ ዘጠነኛ ይገባል፤ የወደቀ ግን የምልምል ኮታ ሊሞላ በሚዞረው በቀበሌያችን ሊቀ መንበር፣ በጓድ ደባሱ እጅ ይገባል። እናቴ ይህን ስለምታውቅ ምስጋኑን ሥራ አታዝዘውም። ውሃውም እንጨቱም በእኔ ጀርባ ሆነ። እኔም እኮ እዚያው ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ግን ማን አስታውሶ!

አንድ ቀን መምህር ፈንታው ስለ ጊዜ አጠቃቀም አስተማረንና እያንዳንዳችን የጥናት ፕሮግራም አውጥተን ሁልጊዜ በምናየው ቦታ እንድንለጥፍ አዘዘ። እኔ ምሰሶው ላይ በከሰል ሞነጫጨርኩ። ምስጋኑ ግን የቁም ጸሐፊ ልጅ ነው፣ እንዴት ተደርጎ! አባታችን ቄስ ገብረመስቀል ለዳዊት ያዘጋጁትን ብራና ለምኖ ወሰደ። ቀለም በጠበጠ፣ መቃ ቀረጸ፣ ዳር ዳሩን ሐረግ ሳለበት። ሌላው ሲያጠና እሱ የማጥኛ ሰዓቱን ሲያስጌጥ ሰነበተ። አባባ ሲያዩት ከፋቸው፤ ቀይ ቀለም ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ነው አሉት። እሱ በቀይ የጻፈው «ዕረፍት» የሚለውን ነበር።

ከግርጌው ደግሞ በሚካኤል፣ በገብርኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለምና በባለወልድ እንደማይጠና ጨመረበት። የተረፉትን ቀኖች ቅዳሜ ገበያና እሑድ ቅዳሴ ተካፈሏቸው።

ከዚያ ቤት ውስጥ ጨለማ ነው ብሎ በሩ ላይ በውጭ በኩል ቸነከረው። ውሸቱን ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ የሚወርደው እንዲያይለት ፈልጎ ነው። አዩለትም። ካህናቱ ቆም እያሉ እጅህን ይባርከው ብለው መረቁት። የተባረከው ልጅ ግን አንድም ቀን በጻፈው ሰዓት በጻፈው ቦታ ተገኝቶ አያውቅም። ሒሳብ በሚለው ሰዓት ሰፈር ለሰፈር የሰው ገበጣ ሲዳኝ ይውላል። ጂኦግራፊ ካነበበም በግዕዝ ዜማ ነው፤ የዓለምን ወንዞች ከዓባይ ጀምሮ ያወርዳቸውና ሁለተኛው ላይ ሳይደርስ እንቅልፍ ይጥለዋል።

ካደነቁት መካከል ደባሱም ነበር። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረ ሰው ነው፤ በጣቱ እየተከተለ እስከ ግርጌው አነበበው። መቼም ከዚያ በፊት አንድ ጽሑፍ አንብቦ የጨረሰ አይመስለኝም። ጣቱ የቆመው «ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት፣ ታች ወይራው ሥር፣ ጂኦግራፊ» የሚለው ላይ ነው። ኮታው እስከ ፈተናው አይጠብቅለትም፤ ከቄስ ቤት ደግሞ ልጅ ጎትቶ ማውጣት ይፈራል፤ የእናቴ ኡኡታ አገር ይሰበስባል። ወይራው ሥር ግን ማንም የለም።

በማግሥቱ ታጣቂ አስከትሎ ሄደ፤ ምስጋኑ የለም። ደግሞ ሄደ፤ አሁንም የለም። በመጨረሻ ብቻውን ወደ ቤታችን መጣና ልጅሽ ለፕሮግራሙ ታማኝ አይደለም ብሎ እናቴን ወቀሳት። ምን ፈልገህ ነው ብትለው፣ እጁ ቆንጆ ስለሆነ ለአዳራሹ መፈክር እንዲጽፍልን ነው አላት። እናቴ የልጇ እጅ በመወደሱ ደስ አላት፤ በመጥፋቱም አፈረች። በዚያው ሰሞን ደግሞ በክፍል ፈተና ከሁላችንም መጨረሻ ወጥቶ ነበር። ማታ ቁጭ አድርጋ ለመነችው።

«ልጄ፣ እስቲ አንድ ቀን እንኳ በሰዓትህ ተገኝ። ለእኔ ስትል።»

ምስጋኑ ማለላትና በነጋታው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፊቱን ታጥቦ ወረደ። ዜማው ቤት ድረስ ይሰማል። እናቴ ደጃፍ ቆማ ታዳምጥ ነበር። ዓባይ ላይ እንደደረሰ ድምፁ ተቋረጠ።

«ይኸው፣ ተኛ!» ብላ ተቆጣች።

ልቀሰቅሰው እኔን ላከችኝ። ወይራው ሥር ያገኘሁት መጽሐፉን ብቻ ነው፤ አፈር ላይ በአፉ ተደፍቷል።

እኔ ፈተናውን አለፍኩ። ደባሱም ኮታውን ሞልቶ ተመሰገነ። ብራናውን አባባ ነቅለው ጽሑፉን ፋቁና ዳዊት ጻፉበት፤ ቀዩም በቦታው ገባ። ምስጋኑ ከጦር ሜዳ የመጣው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ።

ዛሬ ሠርግ ሲጠሩት ሙሽራው ከሄደ በኋላ ይደርሳል፣ ለቅዳሴ ሲቀሰቅሱት ለስንብቱ። እኔ አላስችል ይለኝና እናገረዋለሁ።

«አንድ ቀን በሰዓቴ ተገኝቼ አልነበር?» ይለኛል እየሳቀ።

እናቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ውጭ ትወጣለች።