የኅዳር ጭስና የእኔ ሳል

ደብረ ታቦር ውስጥ ሳል የሚይዘኝ መቼ እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። አቧራው ስለሚያስቸግረኝ ጥርና የካቲትን እፈራለሁ። ክረምቱ አየሩን አጥቦት ሲያልፍ ግን በገሳይ በኩል ያለው ጋራ ጥርት ብሎ ይታያል፤ እኔም እንደ ሰው እተነፍሳለሁ። ታዲያ ገና አቧራው ሳይነሳ ኅዳር ላይ ምን እንደሚነካኝ ግራ ይገባኝ ነበር።

አምና ኅዳር አሥራ ሁለት ጠዋት ስወጣ ሰፈሩን በጭስ ታፍኖ አገኘሁት። የድሮው ወረርሽኝ እንዳይመለስ ተብሎ በየዓመቱ እንደሚደረገው፣ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። አከራዬ፣ እናቴን የሚያህሉ ሴት፣ እርጥብ ቅጠሉን ከነፌስታሉ እሳቱ ላይ ይከምራሉ።

«እማማ፣ ፌስታሉን እንኳ ይተዉት፤ ለጤና ጥሩ አይደለም» አልኳቸው፣ ሳሌ እያቋረጠኝ።

«ለጤና ብለን አይደል እንዴ የምናጥነው?»

ተናደድኩ። ግን እሳቸው አንድ ቀን ሲያስላቸው ሰምቼ አላውቅም። አፌን በጃኬቴ ሸፍኜ ላልፍ ስል ሳሉ አጣደፈኝ፤ አጥሩን ይዤ አጎነበስኩ። መጥተው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አይዞህ ልጄ» አሉኝ። «እየወጣልህ ነው።»