አራተኛው ሲኒ

እሑድ ጠዋት ቤቴ ቡና የምንጠጣው አራት ነበርን። አንደኛው እኔ ነኝ። ሁለተኛው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ነው። ሦስተኛው ጡረታ የወጣ መምህር። አራተኛውን ዛሬም በስሙ አልጠራውም። በኮልፌ ስለሚፈርሱት ቤቶች ከእጅ ወደ እጅ ይዞር የነበረውን ጽሑፍ የጻፈው እሱ ነው።

ሦስታችንን ፖሊሶች የወሰዱን ማክሰኞ ነው፤ የሚፈልጉት የጽሑፉን ባለቤት ነበር። ከቤቴ ራሴን ያስተማርኩባቸውን አሮጌ መጻሕፍት፣ የተፈጨ ቡና ያለበትን ጣሳና ምድጃ ላይ የሚጣደውን የጣሊያን የብረት ቡና ማፍያዬን ጭነው ሄዱ። ያስገቡን ክፍል ወለሉ እርጥብ ሲሚንቶ ነው። ከበሩ ሥር በምትገባው ብርሃን የሰው እግር እንጂ ፊት አይታይም። ጫማዬን ተንተርሼ አደርኩ።

በአምስተኛው ቀን አንድ ላይ ጠሩን። መርማሪው የመጀመሪያ ልጄን የሚያክል ወጣት ነው። ማፍያውን ያገላብጣል።

«አባባ፣ ይሄ የስንት ሰው ነው?»

«ሻጩ የስድስት ሲኒ ነው ብሎኛል።»

«እናንተ ሦስት ናችሁ። ሌሎቹ ሦስቱስ?»

«የፈረንጅ ሲኒ ነው፤ የኛን ስድስት አይሞላም። አጉድለህ ደግሞ አትጥደውም፤ ቡናው ያርራል።»

«እስቲ ያፍሉትና እንየው።»

የጣቢያውን ሻይ የምታፈላው ሴትዮ የኤሌክትሪክ ምድጃዋን ለቀቀችልኝ። ውሃውን ከታች ሞላሁ። ቡናውን ወንፊቱ ላይ ጨምሬ ሳልጠቀጥቅ በማንኪያ ጀርባ አስተካከልኩ። ጥርቅም አድርጌ አጠበቅኩና ጣድኩት። ሲንተከተክ አወረድኩት።

መርማሪው ራሱ ቀዳ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛውንም እስከ አፉ ሞላ። ከዚያ ጠብታ አልቀረም።

«ስድስት አይደለም፤ እውነትዎን ነው» አለና ፈገግ አለ። «አራት ነው። ሦስት ናችሁ። ትርፉን ማን ይጠጣል?»

ልብስ ሰፊው ቀደመኝ። «ጋሼ ሁለት ነው የሚጠጡት! በቡና ማን ይችላቸዋል!»

መርማሪው እኔን አየኝ። «ሁለት ይጠጣሉ?»

አዎ ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ሴት ልጄን ከዚህ ላነሰ ውሸት ምሳ ከልክያታለሁ።

«አንድ ነው የምጠጣው» አልኩ። «አራተኛ ሰው አለ። ስሙን ግን ከኔ አትሰማም።»

ሲኒውን ወደኔ ገፋው። «እንግዲያው የሱንም ይጠጡለት።»

«የሰው ድርሻ አልጠጣም።»

የራሴን አንስቼ ቀስ ብዬ ጠጣሁ። ጥሩ ወጥቶ ነበር። መምህሩም ጠጣ፤ ልብስ ሰፊውም ጠጣ። አራተኛው እንደሞላ ጠረጴዛው ላይ ቀዘቀዘ።

ክፍላችን ስንመለስ ልብስ ሰፊው ግድግዳውን በመዳፉ መታ። «ሁለት ቢጠጡ ምን ነበረበት ጋሼ! እኔን ውሸታም አደረጉኝ፣ ያን ሰውዬ ደግሞ ታዳኝ!»

መምህሩ ጋደም እንዳለ «ተወው» አለ። «ይሄ ሰው በራሱም ላይ ቢሆን ምስክር ሆኖ ይቆማል።»

ስሙን በየቀኑ፣ ለየብቻ ጠየቁን። ማንም አልተነፈሰም። በኔ ተናዶ ሰላምታዬን የነፈገኝ ልብስ ሰፊው እንኳ አልተነፈሰም።

ማፍያዬን መልሰውልኛል። ዛሬም እሑድ እሑድ ሞልቼ እጥደዋለሁ። ልጆቼን ውሸት አትናገሩ ማለቴን አልተውኩም። አሁን ግን አንድ ነገር እጨምርበታለሁ፤ ከተናገርኩት እውነት ግማሹ ኩራት እንደነበር፣ ዋጋውንም ብቻዬን እንዳልከፈልኩት እነግራቸዋለሁ። ስሙን ባለመስጠቴ ግን አልጸጸትም። ቢጠይቁኝ ዛሬም አልሰጥም።

ለዚያች ሲኒ ለእያንዳንዳችን አሥራ ዘጠኝ ቀን ተጨመረብን። ልብስ ሰፊው የፋሲካን ሥራ በሙሉ አጣ። መምህሩ እህቱን ሳይቀብር ቀረ። የሦስታችን ሲደመር ሃምሳ ሰባት ቀን ነው። አራተኛው ሰው አንድም ቀን አልታሰረም።